ዓርብ ማታ ከአዳኞች ጋር

ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ
ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣ ለሚጣዬ

  የላክሽልኝን ረጅም የድምፅ መልእክት ተማሪዎቹ ከክፍል እስኪወጡ አውቶቡሱ ውስጥ ቁጭ ብዬ ደጋግሜ ሰማሁት። በድምፅ እንዳልመልስልሽ እማዬ ከጓዳ ሆና የማትሰማው ነገር የለም። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን፤ ለእሷ የሚነበበውን አንቺው መርጠሽ ታነቢላታለሽ።

ሥጋ መተውን በሁዳዴ መጀመርሽ አሳቀኝ። በዚያ ሁሉ ጾም መካከል አንድ ሰው ለዘለቄታው እርም ቢል ማን ያውቅበታል? ፋሲካ ሲመጣ ሆዴን አመመኝ አልሽ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ግን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምምና መደበቂያ ጠፋ፤ ያኔ ‹‹ስለት አለብኝ›› አልሻት። እሷም የዋዛ አይደለችም፤ ለየትኛው ታቦት እንደተሳልሽና ስለቱ መቼ እንደሚፈታ እስከ ዛሬ ትጠይቅሻለች። አሁን ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ እስከ ገና እፎይ ትያለሽ። ከዚያስ? ‹‹ለእማዬ ምን ልበላት? ደግሞስ አንተ ከአዳኞች ጋር ጫካ የምትውል ሰው፣ ስለዚህ ነገር ምን ታውቃለህ?›› አልሽኝ። የምጽፍልሽ እንግዲህ እዚያው ጫካ የሰማሁትን ነው።

በዚህ ግዛት የአጋዘን አደን በጠመንጃ የሚከፈተው በኖቬምበር መጀመሪያ፣ ቅዳሜ ቀን ነው። በዋዜማው ዓርብ የሰሜኑ መንገድ በፒክአፕ ይሞላል፤ ሰዉ ሁሉ ከሩቅ የሚታይ ብርቱካናማ ልብሱን ጭኖ ወደየጎጆው ይነጉዳል። እኔንም አብሮኝ አውቶቡስ የሚነዳ ሽማግሌ ይዞኝ ይሄዳል። የአደን ፈቃድ የለኝም፣ ጠመንጃም አልነካ፤ እንጨት እፈልጣለሁ፣ ሻይ አፈላለሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ማማው ላይ አጠገቡ ተቀምጬ እንቀጠቀጣለሁ። ዓርብ ግን ዓርብ ነው። እነሱ ቋሊማ ሲጠብሱ እኔ ከቤት ሠርቼ የሄድኩትን ምስር ወጥና ጎመን በእንጀራ እዘረጋለሁ። ዘንድሮ ክርክሩን የጫረው ይኸው ምስር ነው።

ሽማግሌው ካቶሊክ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስ ያነባል። ልጅ ሳለ ዓርብ ዓርብ ሥጋ ቤታቸው አይገባም ነበር፤ የአሜሪካ ጳጳሳት በፈረንጅ 1966 (ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው) ግዴታውን እስኪያነሡት ድረስ። ስለዚህ የእኔ ጾም አይገርመውም። ድስቱን ከፍቶ አየና ‹‹ተጠንቀቁ፣ አዳኙ ዔሳው ብኩርናውን የሸጠው በዚህች ወጥ ነው›› ሲል ቤቱ በሳቅ ሞላ። የልጅ ልጁ ግን አላለፈችውም። ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ሥጋውን ብቻ ሳይሆን ወተቱንም፣ እንቁላሉንም፣ ማሩን ሳይቀር ትታለች። አያቷን ስለምትወድ ግን ከአደኑ መክፈቻ አትቀርም። ‹‹ይስሐቅስ የፍየል ጠቦት በልቶ የአደን ሥጋ መስሎት አልባረከም? ጣዕሙ ልዩ ነው የምትሉት ታዲያ የቱ ጋ ነው?›› አለችው። እኔ እንጀራዬ ጉሮሮዬ ላይ ሊቀር ምንም አልቀረው። እንዲህ ያለ መልስ ከአንቺ በቀር ከማን እሰማለሁ!

የሽማግሌው ክርክር ስለ ጣዕም አልነበረም። አጋዘኑ ዛሬ በሕይወት ያለው በአዳኝ ገንዘብ ነው ይላል። እውነት አለው። በ1900 ገደማ በመላው አሜሪካ የቀረው ባለ ነጭ ጭራ አጋዘን ግማሽ ሚሊዮን ቢሆን ነው፤ ለገበያ እየተገደለ ሥጋው በባቡር ወደ ከተማ ይላክ ነበር። በዚያው ዓመት በሕገ ወጥ መንገድ የታደነ አውሬ ከግዛት ወደ ግዛት እንዳይሸጥ ሕግ ወጣ። በ1937 ደግሞ ከረጅም ጠመንጃና ከጥይት ሽያጭ የሚሰበሰበው ቀረጥ ለዱር አራዊት ጥበቃ እንዲውል ተደነገገ፤ ቀረጡ አሁን 11 በመቶ ነው። ዛሬ አጋዘኑ ወደ 30 ሚሊዮን ይጠጋል። ተኩላው በአብዛኛው አገር ስለጠፋ የሚቀንሰው የለም፤ ችግኙን ይግጣል፣ መንገድ ላይም በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ጊዜ ከመኪና ጋር ይጋጫል። ‹‹እኔ ባልገድለው መኪና ይገድለዋል፣ ካልሆነም ክረምት ላይ በረኃብ ይወድቃል›› አለ ሽማግሌው። ቀጥሎ ጣቱን ወደ ልጅቷ ሳህን ቀስሮ፣ የአኩሪ አተር ገበሬም ሰብሉን የሚያጠፋበትን አጋዘን እንዲያስገድል ፈቃድ እንደሚሰጠው፣ የማጨጃ መኪናውም ስንቱን አይጥና ስንቱን ጫጩት እንደሚፈጭ ነገራት።

ይህን የመጨረሻውን ነገር ከዚህ ቀደምም ሰምቼው ነበርና ልጅቷ ትዘጋለች ብዬ ጠበቅሁ። የት! በ2003 ስቲቨን ዴቪስ የሚባሉ የኦሪገን ምሁር ይህንኑ ጽፈው እንደነበር አስረዳችን፦ ከአንድ ሄክታር እርሻ ላይ የሚሞተው ትንሽ እንስሳ ከግጦሽ መሬት ይበልጣልና፣ አነስተኛ ጉዳት የሚፈልግ ሰው ሣር የበላ ከብት ይብላ የሚል። በዚያው ዓመት ጋቨሪክ ማቴኒ የሚባል ሰው ስሌቱን ገለበጠው። ሄክታር ከሄክታር ማወዳደር ምን ያደርጋል? አንድ ሄክታር አኩሪ አተር የሚመግበውን ሰው በከብት ሥጋ ለመመገብ ብዙ እጥፍ መሬት ያስፈልጋል። ሲቆጠር በሄክታር ሳይሆን በሚጠግበው ሰው ነው መቆጠር ያለበት። አኩሪ አተሩስ ቢሆን አብዛኛው የሚሄደው ወደ ከብትና ዶሮ መኖ አይደለም ወይ? አለች።

ከዚያ ስልኳን አውጥታ ማስላት ጀመረች። 30 ሚሊዮን አጋዘን አንድ ሳይቀር ቢገደል፣ ከአንዱ ሃያ ምናምን ኪሎ ሥጋ ቢገኝ፣ ለአገሩ ሕዝብ ሲካፈል ለአንድ ሰው ሁለት ኪሎ ገደማ ይደርሰዋል። ለዚህ አገር ሰው ይህ የሳምንት ቀለብ ነው። በስምንተኛው ቀን አጋዘን የለም። ሽማግሌው ትንሽ ዝም አለና ‹‹ደግነቱ ሁሉም ሰው አያድንም›› አለ። ‹‹እሱን ነው የምልህ!›› አለችው።

ሚጣዬ፣ እዚህ ላይ ማሸነፏን በልቤ ፈረድሁላት። የአዳኙ ክርክር አዳኙን ራሱን ነጻ ያወጣ ይሆናል፤ ምድጃው ላይ የሚንጫጫውን ቋሊማ ግን አያወጣውም። እሱ አጋዘኑን ያውቀዋል፣ የት እንደሚተኛ፣ በየትኛው ነፋስ እንደሚነሣ ያውቃል፤ የቋሊማውን አሳማ ግን ከየት እንደመጣ እሱም አያውቅ። በየስብሰባው ሥጋ በሊታ ሁሉ ‹‹አባቶቻችን አዳኞች ነበሩ›› ሲል ስሰማ የሚያስቀኝ ለዚህ ነው። አዳኙ የደከመበትን ክብር ገበያ ወጥቶ የገዛ ሁሉ ይካፈለዋል።

ስለ ጤናም መከራከራቸው አልቀረም፤ እሱን ባጭሩ ላልፈው። የሽማግሌው አማች ሥጋ የማይበላ ሰው ጉልበት የለውም ሲል፣ ልጅቷ ካርል ሉዊስ በ1991 ቶኪዮ ላይ የመቶ ሜትር ክብረ ወሰን የሰበረው ሥጋም ወተትም ትቶ እንደነበር ነገረችው። አማቹ በበኩሉ የእርሳስ ጥይት ፍርፋሪ በሥጋው ውስጥ እንደሚቀር ሰምቶ ወደ መዳብ ጥይት መዞሩን አጫወተን። በ2008 የሰሜን ዳኮታ ጤና ባለሥልጣናት በዚሁ ምክንያት ለድሆች የተሰጠ የአጋዘን ሥጋ እንዲጣል አድርገው ነበር። አጋዘኑን የሚያከሳ የአንጎል በሽታም አለ፤ መጀመሪያ የታየው በ1967 ኮሎራዶ ውስጥ ነው። ወደ ሰው ተላልፎ ባይገኝም ጥንቁቅ አዳኝ ሳያስመረምር አይበላም።

ከሁሉ የገረመኝ ጎረቤታቸው ነው። ሰውዬው አያድንም፤ ለካርታና ለቢራ ነው የሚመጣው። አራተኛውን ቋሊማ እየጎረሰ ‹‹እኔ እንኳ ያንን የመሰለ ዓይን ያለው እንስሳ ላይ መተኮስ አልችልም፣ አንጀቴ አይችልም›› አለ። ሽማግሌውና የልጅ ልጁ እኩል ዞረው አዩት! እስካሁን የሚጨቃጨቁት ሁለቱ ባንዴ አንድ ወገን ሆኑ። ‹‹ያ በእጅህ የያዝከው ዓይን አልነበረውም?›› ያለችው እሷ ትሁን እሱ አሁን ትዝ አይለኝም።

ያኔ ዝም ብዬ መቀመጥ አቃተኝ። እዚህ እንደመጣሁ የሠራሁበትን ፋብሪካ ታስታውሻለሽ፤ ለእማዬ ‹‹የምግብ ድርጅት›› ያልኳትን። ሚኒሶታ ተርኪ የሚሉትን ትልቁን ዶሮ በማርባት ከአገሩ ግዛቶች አንደኛ ናት፤ ይህ የኖቬምበር ወር ደግሞ የታንክስጊቪንግ በዓል የሚከበርበት ስለሆነ ሥራው እረፍት የለውም። ዶሮው በሕይወቱ የሚሰቀልበት ክፍል ጨለምለም ያለ ነው፤ ብርሃኑ የሚቀነሰው እንዳይደነግጥ ነው። ሰንሰለቱ ላይ ቁልቁል አንጠልጥለው ይልኩታል። እኔ የነበርኩት ከዚያ ወዲህ፣ ብርዱ ክፍል፣ ጡት ከአጥንት የሚለይበት መስመር ላይ ነው። ግራና ቀኜ ሶማሌ፣ ሜክሲኮ፣ የአገሬ ሰው፤ ሁላችንም ጓንት ላይ ጓንት ደርበን፣ ቢላው እጃችንን እያደነዘዘው። ማታ ጣቶቼን መዘርጋት አቅቶኝ በሌላው እጄ እፈለቅቃቸው ነበር። ሰንሰለቱ አይቆምም። ለእርድ እንስሳት ርኅራኄ ይደረግ ብሎ በ1958 የወጣው የዚህ አገር ሕግ እንኳ ዶሮንና ተርኪን አይጨምርም። ይህን ስነግራቸው ጎረቤትየው ቋሊማውን አስቀመጠ፤ ትንሽ ቆይቶ መልሶ አነሣው። አልፈርድበትም፣ ርቦት ይሆናል።

በዚያ ጎጆ ውስጥ ስለ ሥጋ ሌሊቱን ሙሉ ሲከራከሩ ከነበሩት ፋብሪካ ገብቶ የሚያውቅ አልነበረም። ስለ እንስሳው ብዙ ተባለ፤ ቢላ ስለያዘው እጅ ግን እኔ እስክናገር ድረስ አንድ ቃል አልተነሣም። አንቺም ብትሆኚ ለበሬው ስታስቢ ይህንን ሰው ጨምሪው።

ቅዳሜ ማለዳ ሽማግሌው አንዲት ሴት አጋዘን ጣለ። አንዴ ነው የተኮሰው። አጠገቧ ተንበርክኮ እጁን ጎኗ ላይ አሳርፎ ቆየ፤ ከዚያ ሆድ ዕቃዋን አውጥቶ ጉበቷን ለየ። እኔ እግሯን ይዤ አግዣለሁ፤ ከሥጋው ግን አልበላሁም። የንስሐ አባቴ ‹‹ባርከው ያላረዱትን አትብላ›› ብለውኛል። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 አጋዘንን ከሚበሉት ይቆጥራታል፤ ዘሌዋውያን ምዕራፍ 17ም አውሬ ያደነ ሰው ደሙን አፍስሶ በአፈር ይሸፍን ይላል። ያደነውን አትብላ አላለም። እሳቸው ግን በስመ አብ ያልተባለበትን ሥጋ ለክርስቲያን አይፈቅዱም፤ እኔም ከእሳቸው ጋር ሙግት አልገጥምም። ሽማግሌው በጣም ሳቀብኝ፦ ‹‹ትናንት ዓርብ ነው ብለህ፣ ዛሬ ደግሞ አልተባረከም ብለህ። አንተ ሥጋ የምትበላው መቼ ነው?›› ልጅቷ ወገኗ ያገኘችኝ መስሏት ደስ አላት። ያለፈው እሑድ ቁርጥ በአዋዜ በልቼ እንደነበር ስነግራት ፊቷ ወደቀ።

ያንን ውይይት ይዤ ስለ አገራችን አደን አጫወትኳቸው። እኛ ዘንድ ዝሆን የገደለ፣ አንበሳ የጣለ ይፎክር ነበር፤ ‹‹ገዳይ›› ተብሎ ይዘፈንለት፣ ራሱ ቅቤ ይቀባ ነበር፤ ሥጋውን ግን አይቀምሰውም ነበር፣ ለአሞራ ነው። የጣና ወይጦዎች ደግሞ በታንኳ ወጥተው ጉማሬ አድነው ልጆቻቸውን መገቡ፤ በዚህም የተነሣ ለዘመናት ጎረቤት ተጠይፏቸው ኖረ። ሽማግሌው ማመን አቃተው። በእነሱ ግዛት ሕግ የገደሉትን አውሬ ሥጋ ማባከን ያስቀጣል። ለረሃቡ የገደለውን ንቀን ለዝናው የገደለውን ማክበራችን እኔም ስናገረው አፈርሁ።

ያኔ ነው ልጅቷ እስከ ዛሬ ያላስተኛኝን ጥያቄ የጠየቀችኝ። ‹‹ከዓመቱ ብዙውን ቀን ሥጋ አትበሉም። በዚያ ሁሉ ጾም ውስጥ እንስሳው ራሱ ይነሣል ወይ? ስለ እሱ የምታስቡበት ቀን አለ?›› እንዴት ብዬ ልመልስላት? ጾማችን የእኛን ሥጋ ለማድከም፣ ለንስሐ፣ ለምስጋና ነው። በሁዳዴ በሬው የሚያርፈው እግረ መንገዱን ነው፤ የቅዳሜ ሹር ሌሊት ቢላው ሲሳል ማንም ይቅርታ አይጠይቀውም። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጾም ስለ በሬ አስባ የምታውቅ አይመስለኝም። የአንቺ መተው ከዚህ የተለየ ነው፤ ጾም ብለሽ ስትጠሪው ለእማዬም ለጾሙም ሐሰት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ከመንገድ ስመለስ ግን ነነዌ ትዝ አለኝ። ዮናስ የሰበከ ጊዜ የነነዌ ንጉሥ ሰውን ብቻ አይደለም ያስጾመው፤ ከብቱም በጉም ምንም እንዳይቀምስ፣ ውኃም እንዳይጠጣ አዘዘ። ቤት ደርሼ መጽሐፉን ገለጥሁ። ዮናስ ቅሉ ደረቀብኝ ብሎ ሲቆጣ፣ እግዚአብሔር ለከተማይቱ ለምን እንደራራ ይነግረዋል፤ ቀኝና ግራቸውን የማያውቁ ሰዎች ስላሉባት ይላል፣ ከዚያ ብዙ እንስሳትም ይጨምራል። መጽሐፉ እዚያው ላይ ያልቃል። በየዓመቱ ሦስት ቀን እየጾምነው ይህቺን ጫፍ ልብ ብያት አላውቅም ነበር። ልጅቷ ብትሰማ ‹‹ከብቶቹ በሰው ኃጢአት ተራቡ እንጂ ምን አተረፉ?›› ትለኝ ነበር፤ ልክም ናት። ቢሆንም እማዬ የምታውቀው መጽሐፍ ውስጥ በሬው ስሙ ተነሥቷል። ከካርል ሉዊስ ይልቅ እሱን ብትጠቅሺላት ይሻልሻል።

ደግሞ እማዬ ፈጽማ አታውቅም ብለሽ አታስቢ። የቅርጫው በሬ ግቢያችን ያደረበትን ሌሊት ረሳሽው? ጎረቤቱ ሁሉ አዋጥቶ የገዛው ቀዩ በሬ። አንቺ በካልሲ ወጥተሽ ሣር ስትሰጪው አገኘችሽ። ጠዋት መደቡ ተደልድሎ ዕጣ ሲወጣ አልጋ ሥር ገብተሽ እንቢ አልሽ፤ እሷ አልተቆጣችሽም፣ ጎረቤት ሲጠይቃት ‹‹አሟታል›› አለች። የዚያን ቀን ዱለት ሳይሆን ሽሮ ነው ያበላችሽ። ስለዚህ ስለቱን ተዪውና ያንን በሬ አስታውሻት። ትቆጣለች፣ ‹‹የፈረንጅ ነገር›› ትላለች፤ ግን ለየትኛው ታቦት ነው ብላ አትጠይቅሽም።

ሁለት ነገር ልለምንሽ። ጤናሽን ጠብቂ፦ ቢ12 የሚሉት ቫይታሚን ከምስርም ከጤፍም አይገኝም። እማዬ ስትጾም ኖራ ምንም አልሆነችም እንዳትይኝ፤ እሷ ጾሙ ሲፈታ ወደ ወተቱና ወደ ጉበቱ ትመለሳለች፣ ጉበቷም ያንን ለረጅም ጊዜ ያስቀምጥላታል። ለገና ወደ አዲስ አበባ ከሚመጣ ሰው ጋር እንክብሉን ልኬልሻለሁ፤ ሐኪምም አማክሪ። ሁለተኛው፣ የበዓል ሥራውን ጥለሽባት እንዳትሄጂ። ዶሮውን አልበልትም ማለት መብትሽ ነው፣ ሽንኩርቱን ግን ክተፊላት። በቅርጫውም ድርሻሽን አዋጪ፤ መደብሽን ለዘበኛው ቤተሰብ ስጪው። ከጎረቤት ዕድር እንደወጣ ሰው ብቻሽን እንድትቀሪ አልፈልግም።

እንክብሉን ያመጣው ሰው ሲመለስ በርበሬና ሽሮ ስጪልኝ፤ ሽማግሌው ለሚመጣው ዓመት ምስሩን ከአሁኑ አዝዟል፣ ‹‹ብኩርናዬን ግን አልሸጥም›› ብሏል።

አንድ ያልነገርሽኝ ነገር አለ። ቅቤውስ? ዶሮ ወጡ ውስጥ ያለውን እንቁላልስ ትበያለሽ ወይስ እሱም ቀረ? እማዬ ቁጣዋ በረድ ሲል መጀመሪያ የምትጠይቅሽ እሱን ነው፤ መልሱን አዘጋጅተሽ ጠብቂያት።

የሚወድሽ ወንድምሽ